በሳንቲም የፈታሁት ብሎን

ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ ከፊታችን የነበረችው አሮጌ መኪና፣ ሹፌሯ ፍሬን በያዘ ቁጥር የግራ የኋላ መብራቷ በመድመቅ ፈንታ ይደበዝዝ ነበር። አንቺ «አክስቴ፣ አረንጓዴ በራ እኮ» ብለሽ እስክትነኪኝ ድረስ ፈዝዤ አየኋት። ሩቅ አገር ተመድበሽ ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ ነውና፣ ያን ጊዜ ሐሳቤ የት እንደነበረ ልንገርሽ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሮቤ ተመድቤ የስንዴና የገብስ ዘር በእርጥብ ወረቀት ላይ እየደረደርኩ፣ የበቀለውንና ያልበቀለውን እለይ ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ የሄድኩት፣ ከእሱ የቀረችኝን ሰማያዊ አሮጌ መኪና እየነዳሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። በኦሮምኛ እየተጫወቱ ሲስቁ እኔ ከገባሁ በትሕትና ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ጨዋታው ግን እዚያው ይቀዘቅዛል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ይሁንና ሳቅ የማቋርጥ ሰው የሆንኩ እየመሰለኝ፣ ቀስ በቀስ በሻይ ሰዓት ከዘሮቼ ጋር መቅረት ጀመርኩ።

እሁድ ይብስ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ጣሪያ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ይንጣጣል፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ ይላል። የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የሚመሽበት እሁድ ነበር። እሱን ስሸሽ ነው ያለ ጉዳይ ወደ ጎባ እየነዳሁ መመለስ የለመድኩት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ ፊት ለፊት ደመና የለበሰ ተራራ።

አንድ እሁድ ጎባ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። የግራው የኋላ መብራት እንደማይሠራ ነገረኝ፤ በዚህ አገር ጉም ደግሞ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ። ሳይቀጣኝ ከገበያው ዝቅ ብለው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠቆመኝ።

የሽማግሌው መሥሪያ በግቢያቸው በር ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ጥግ ነበረች። ነጭ ኮፊያ አድርገዋል፤ ጺማቸው ሽበት ነው። «አካም ጂርታ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ» ስል ራሳቸውን ነቀነቁና «ነጋ በይ፤ ሰላም ማለት ነው» ብለው አስተካከሉኝ። እንዲያ ያረመኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

አዲስ አምፖል አገቡ፤ ያው ሆነ። ፊውዙን ነቅለው ወደ ሰማይ ይዘው አዩት፤ ደህና ነው። ከዚያ እኔን መሪው ጋ አስቀምጠው ከኋላ ቆሙ። «ያዢ» ሲሉ ፍሬን እረግጣለሁ። «ልቀቂ» ሲሉ እለቃለሁ። ይህን ደጋግመን ቆየን። በመጨረሻ ረጅም ሽቦ አምጥተው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከመብራቱ ቤት ሲያገናኙት፣ ከኋላቸው ያለው ቆርቆሮ ቀይ ሲሆን በመስታወቱ አየሁ።

«ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት መንገድ ደህና ነው» አሉ። «የሚመለስበት ነው የተበላሸው። ማሳው ነው።»

እኔ የማውቀው ማሳ የስንዴ ማሳ ነበርና ግራ ገባኝ። ወርጄ አሳዩኝ፤ የመብራቱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ ነው። ዝገት በልቶት ነበር። በሸካራ ወረቀት ፈገፈጉት፤ የዝገቱ ሽታ ከእጃቸው ናፍጣ ጋር ተደባልቆ አባቴን አመጣብኝ። ብሎኑን አጥብቀው ሲጨርሱ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ፤ የገብስ ቆሎም ሰጡኝ። ሚስታቸው እንደሞቱ፣ ልጆቻቸው እንደተበተኑ፣ አንዱ ብቻ ከሮቤ ወዲያ ጎሮ እንዳለ ነገሩኝ። እኔም ስለ አባቴ አወራሁ፤ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሚቀጥለው እሁድ መኪናዋ ደህና ነበረች። ምን ብዬ ልሂድ? ጠዋቱን ሙሉ ስንቆራጠጥ ቆየሁና፣ ሳንቲም ይዤ ወጥቼ ያንን ብሎን አላላሁት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። «መንገዱ ሻካራ ነው፤ ያላላዋል» ብለው አጠበቁት። ሻይ ጠጣን። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። በሦስተኛውም።

በአራተኛው እሁድ ጉም ነበር። ከሮቤ ትንሽ እንደወጣሁ ከኋላዬ ረጅም ጥሩምባ ሰማሁ፤ ትልቅ ጥቁር ነገር በግራዬ በኩል ለጥቂት ሳተኝና ከአስፋልቱ ወርዶ የታጨደ እርሻ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እህል የጫነ የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ ወርዶ ወደ እኔ ሲሮጥ፣ ጋቢናው ውስጥ ሕፃን ያቀፈች ሴት አየሁ። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«አንድ መብራት ብቻ ነው ያየሁት» አለኝ ሹፌሩ። «ሞተር ሳይክል መስሎኝ ልቀድም ወጣሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

እሱ ነው እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አላልኩትም፤ ይኸው እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩ፣ ከሽማግሌው በቀር።

ጎባ ስደርስ ከመኪናዋ መውረድ አቃተኝ። እሳቸው መጥተው በሩን ሲከፍቱልኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሎኑን፣ ሳንቲሙን፣ ሕፃኑን። ሰምተው ሲያበቁ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ብሎን በሳንቲም ሲፈታ አፉ ይበላል። አላልተሽ መጀመሪያ ያመጣሽው ቀን ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ አባባ?»

እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር፤ እጃቸው ግን ንጹሕ ነው።

«ከነገርኩሽ ትቀሪያለሽ ብዬ» አሉ። «ዛሬ ሰው ሞቶ ቢሆን፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም ገዳይዋ።»

የዚያን ቀን ሻይ አልጠጣንም። ሽቦውን ከብረቱ ጋር ዳግም እንዳይላላ አድርገው በየዱት። ልሄድ ስል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ከእንግዲህ ደህና መኪና ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

አንድ እሁድ አሳለፍኩ፤ አፍሬ። በሁለተኛው ሄድኩ። ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረንምና እጃችንን የምናደርግበት ጠፍቶን ተቀመጥን። ቆይተው ኦሮምኛ ያስተምሩኝ ጀመር፤ በአጠገባችን በሚያልፈው ሁሉ፣ በፈረሱ፣ በጋሪው፣ በዝናቡ። በዓመቱ መሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት አንዱ ቀልድ ሲናገር ሳይተረጎምልኝ ሳቅኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ቀልዱን ቀጠሉ፤ በኦሮምኛ።

ዝውውሬ ሲመጣ ሄጄ ተሰናበትኳቸው። መጀመሪያ ላይ በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ስልካቸውም አንድ ቀን መጥራት አቆመ። ያን ጊዜ መሄድ ነበረብኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ፤ መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ሮቤ ስሄድ ጎባ ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ጎሮ ልጃቸው ጋ እንደሄዱ ነገረኝና፣ በማግሥቱ ወደዚያው ነዳሁ።

ከልጃቸው ቤት ደጅ፣ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከስተዋል። ወደ እኔ ቀና ቢሉም አላወቁኝም። ስሜን ነገርኳቸው፤ በትሕትና ፈገግ አሉ፣ ሰው ለእንግዳ እንደሚያደርገው። አማርኛው ከእሳቸው ሄዶ ነበር። ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ማን እንደሆንኩና ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። የመጣሁበት ጉዳይ አልነበረኝም።

«ኬሱማ» አሉት እሳቸው ቀድመውኝ። እንግዳ ናት።

ከዚያ በእጃቸው አግዳሚውን መታ መታ አደረጉና፣ ፀሐዩ እንዲደርሰኝ ወደ ጥግ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።