ያነሳኋት የአጋዘን ጥጃ

ከሸዋሮቢት በወጣሁበት ማለዳ ልጄ ሂክማ ስምንት ወሯ ነበር። እስክትጠግብ አጠባኋትና ለእህቴ ለሩቂያ ሰጠኋት። ሩቂያም የራሷን ልጅ ታጠባ ነበርና፣ «አንዱ ጡት ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል፣ ሂጂ» አለችኝ። አንዳንዶቻችሁ «ጨክና ጥላት ሄደች» እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ እኔው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሰይድ በኬንያ በኩል የተሰደደው እኔ ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። ኒውዚላንድ ተቀበለችው፤ ኋላም ሚስቱን እንዲያመጣ ተፈቀደለት። ሚስቱን ብቻ። አዲስ አበባ ላይ ጉዳዬን የያዘው ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ፣

«ልጅ የሚል የለም» አለኝ።

«እሱ ሲመዘገብ ሆዴ ውስጥ ነበረች ጌታዬ።»

«ፎርሙ ስለ ሆድ አይጠይቅም።»

«አሁንማ ተወልዳለች፣ ይኸው አዝያታለሁ!»

«እኔ አያታለሁ፤ ፋይሉ ግን አያያትም። አንቺ ሂጂና እዚያ ሆነሽ አመልክቺላት። ከቀረሽ ያንቺም ይሰረዛል።»

አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ጡቴ ሞላ። የመኪና መንገዱ ዋሻ ጋ ስንደርስ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሶ ነበር፤ ከቆላ ለወጣ ሰው ያ ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዩኝና ሻሻቸውን ፈትተው፣ «እጠፊና አስገቢው ልጄ» አሉኝ።

ሰይድ የሚሠራው አጋዘን እርባታ ላይ ነበር። አዎ፣ አጋዘን! እኛ አገር በዱር የምትኖረውን እነሱ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የሽቦ አጥር ከበው እንደ ከብት ያረቧታል። ታኅሣሥ በጋ ነው ይሉኛል፤ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። የመውለጃቸው ወቅት ሲደርስ ለእኔም አጥር እየዞሩ የማየት ሥራ ሰጡኝ። ባለቤቱ ግራንት የሚባል ሽማግሌ ነው። «ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች ጥጃ ካየሽ፣ ሊቭ ኢት» አለኝ። እኔ የማውቀው «ሊቭ» መኖር ማለት የሆነውን ነው። እንድትኖር አድርጊ ማለቱ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ለካ ተያት ማለቱ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን አገኘኋት። ዝናብ እያካፋ፣ ጀርባዋ ነጠብጣብ የሆነች ጥጃ አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ጆሮዋን አጣብቃ ተኝታለች። ዙሪያውን ባይ እናት የለችም። «ጥላት ሄዳ ነው» አልኩ። በሹራቤ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ጋጣው ሮጥኩ። ግራንት ሲያየኝ ፊቱ ደም መሰለ።

ያን ቀን ነው ሰይድ በአማርኛ ያስረዳኝ። እናቲቱ አልጣለቻትም። አጋዘን ስትወልድ ጥጃዋን ደብቃ ራቅ ብላ ትግጣለች፤ አውሬ እንዳይከተላት ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ትመጣና ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራታለች፤ ስታጠባት የጥጃዋን ጭራ ሥር እያሸተተችና እየላሰች ነው፣ በዚያም ልጇን ትለያለች። «ልትግጥ ሄዳ ነው እንጂ» አለኝ።

ወዲያው መለስናት። እናቲቱ አጥሩን ታክካ እየተመላለሰች ትጣራ ነበር። ሮጣ መጣች፣ አሸተተች፤ የሹራቤ ሽታ ይሁን የእኛ መቆም፣ አላውቅም፣ በፊት እግሯ መታቻት። ጥጃዋ እንደገና ልትጠጋ ስትል ደገመቻት። ያን ጊዜ እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ግራንት ቁጣው በርዶ፣ «ኦልራይት፣ ኦልራይት» ይለኝ ነበር፤ ምንም ኦልራይት አልነበረም።

ጥጃዋን ጋጣ አስገብቼ በጡጦ ላሳድጋት ስል አንድ ቀን ሙሉ አልጎርስም አለች። በእርጥብ ጨርቅ እንደ እናቷ ምላስ ጭራዋ ሥር ካላሸሁላት ሽንቷ እንኳ አይመጣም። በማግሥቱ ጠባች። ጠና ስትል ከመንጋው ጋር ቀላቀልናት፤ ወደ አንዷ ስትጠጋ ትረገጣለች፣ ወደ ሌላዋ ስትሄድ ትነከሳለች። በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። አንዲት ትልቅ አጋዘን የራሷን ልጅ እያጠባች ሳለ በኋላ እግሮቿ መሃል ገብታ ትጠባ ጀመር። ያቺ አጋዘን ዞር ብላ አየቻትና ተወቻት። በሕይወት ኖረች፤ እንደ እኩዮቿ ግን አልፋፋችም።

ይህን ለሩቂያ በስልክ ስነግራት ሳቀች። የምንገናኘው በጎረቤታችን በጋሼ አስፋው ሱቅ ስልክ ነበር።

የሂክማ ፈቃድ የመጣው ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነው። ያኔውኑ ደወልኩ።

«ወረቀቷ ደረሰ እህቴ! ሰው ይዟት ይመጣል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሩቂያ፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። «እማ የምትለው እኔን ነው። ልጄም የጡት ወንድሟ ነው፤ ያለ እሱ አትተኛም።»

«እናቷ እኔ መሆኔን አልነገርሻትም?»

«በየቀኑ እነግራታለሁ። ስልኩ ውስጥ ያለችው እናትሽ ናት እላታለሁ።»

«እና ምን ትላለች?»

«ከስልኩ ትውጣ ትላለች።»

እንባዬ መጣ። እሷም ታለቅስ ነበር መሰለኝ።

«አልከለክልሽም፣ ልጅሽ ናት» አለች። «ለማታውቀው ሰው ግን አልሰጣትም። አንቺው መጥተሽ፣ ለምዳሽ፣ ከዚያ ውሰጃት።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት።

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት፤ መቼ እንደሚሆንልኝ እኔም አላውቅም ነበር።