ራናዌራ ሲመታ ፊቴን ወደ ባሕር

ባለቤቴ ጂናዳሳ በአውቶቡስ ተራው ጥግ ጃንጥላ ይጠግን ነበር። ራናዌራ በከተማችን ክሪኬት የሚጫወት ቀን ግን የከተማው ጃንጥላ ሁሉ ቢሰበር ጂናዳሳ ሥራው ላይ አይገኝም።

ሜዳው ከአሮጌው ግንብ ሥር ነው። ትኬት የሌለን ግንቡ ላይ እንወጣለን፤ በአንድ ጎን ሜዳው፣ በሌላው ባሕሩ። ጂናዳሳ ራናዌራን መጀመሪያ ያየው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። «ይሄ ልጅ ኳሷን አይመታትም፤ መንገድ ያሳያታል» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መቺ አልታየውም።

በተጋባን ዓመት የእኛዎቹ ከእንግሊዞች ጋር ሲጫወቱ ሩዝና የዓሣ ወጥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ምሳ አመጣሁለት። ራናዌራ መቶ ነጥብ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ቀና ብዬ ሳይ ኳሷ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ገነደሰቻቸው። ከጨዋታው ወጣ። ግንቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በእኛ ዘንድ መቺው ሲቀናው የተቀመጠ አይነሳም፤ እግሩን ያጠፈም አይዘረጋም። አዲስ ዓይን ማምጣት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

«ጂናዳሳ፣ ይቺን ገደ ቢስ ከየት አመጣሃት?» አለ ሻይ ሻጩ ናዚር። «ለእንግሊዞች ነው እንዴ የምትሠራው?»

«ሶማዬ፣» አለኝ ጂናዳሳ እያፈረ፣ «አትቀየሚኝና እስቲ ፊትሽን ወደ ባሕሩ አድርጊልኝ።»

ስቄ ዞርኩ። በዚያው ቀረ። ራናዌራ ሲመታ እኔ ባሕሩን እያየሁ፣ ጀርባዬን ጀርባው ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ። እሱ ይነግረኛል። «አሁን ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ… ጠበቃት… አንቺ፣ የሜዳውን ጠርዝ አለፈች፣ አራት ነጥብ!» ገና ሳይናገር ከጀርባው አውቀው ነበር።

ጂናዳሳ ባለፈው የዝናብ ወቅት ሞተ። ሳንባው ነበር። ዘንድሮ ራናዌራ ጨዋታ ሊያቆም ነው፣ የመጨረሻውም እኛ ከተማ ነው ተባለ። ለመሄድ አላሰብኩም። ጠዋት ግን እጄ ምሳ ጠቀለለ፤ የሁለት ሰው።

ስደርስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የጂናዳሳ ቦታ ባዶ ነበር። ናዚር አሮጌ ጃንጥላ አስቀምጦ ይዞለት ነበር። ራናዌራ ዘጠና ስድስት ደርሷል። ከጃንጥላው አጠገብ፣ እንደለመድኩት ወደ ባሕሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን የሚደግፈው አልነበረም። የደጋፊው ጥሩምባ ድንገት ዝም አለ።

«ናዚር፣ ምን ሆነ?»

«እኔ እንደሱ መናገር አላውቅበትም፣ እህቴ። ዞረሽ እዪ።»

«ቢወጣስ?»

«ኧረ በፈጠረሽ አትዙሪ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንተ ዝም በል!» ናዚር ተቆጣ። «ቢወጣ በእኔ ይሁን። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ያየችው ለማን ብላ ነው?»

ዞርኩ። ራናዌራ ጢሙ ሸብቷል። ይህን ጂናዳሳ አልነገረኝም። ኳሷ መጣች። እንደተነገረኝ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ ጠበቃት፤ መንገድ አሳያት። ሣሩ ላይ እየተንከባለለች ጠርዙን አለፈች።

ግንቡ ተናጠ። ናዚር የያዘውን ሻይ ሸሚዙ ላይ ደፋ። እኔ ምሳውን ፈትቼ አንዱን ድርሻ ሰጠሁት።

«ለሚቀጥለው ጨዋታም ትመጫለሽ» አለኝ አፉ ሞልቶ።

«ከእንግዲህ ማን አለና?»

«ያውልሽ፣ ከራናዌራ ማዶ የቆመው ሌላው መቺያችን። ጢም እንኳ አላበቀለም።»

ጃንጥላውን አንስቼ በጂናዳሳ ቦታ ተቀመጥኩ፤ ፊቴን ወደ ሜዳው።