ዘርትሁን ውጭ የበላችበት ቀን

ግዛቸው ሻንጣ ጫኝ ነው። በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ባለው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሻንጣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሲያጭቅ ኖሯል። ወገቡ አንዴ ከድቶታል፣ ጉልበቱ ሁለቴ። ሥራው ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ ባዶ ወንበር ከተገኘ ሠራተኛ ከነሚስቱ በነፃ ይሳፈራል። ስታንድባይ ይሉታል። ግዛቸው በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ስታንድባይ ሄዶ አያውቅም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» ይለዋል አብሮት የሚጭነው ይርጉ፣ «የሰው ካልሲ ስንቱን ደሴት ዞሮ ሲመጣ አንተ አርሊንግተን ቀረህ። ምን በድለህ ነው?»

«ሚስቴ ውጭ አትበላም።»

ይህ ቀልድ አልነበረም። በሚኖሩባት አርሊንግተን የሐበሻ ሠርግ ካለ ወጡን የምትሠራው ሚስቱ ዘርትሁን ናት፤ ክርስትና ካለም እሷው ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ ሆም ስትሠራ ምሳዋን ቋጥራ ትሄዳለች። ባሏ ሬስቶራንት ባነሣ ቁጥር መልስ አታጣም። «ዛሬ ረቡዕ ነው።» «ዛሬ ዓርብ ነው።» «ጾም ሊገባ ነው።» «ጾም ከተፈታ ገና ሁለት ቀኑ፣ ቤት ስንት ሥጋ እያለ!» በሃያ ዓመት ትዳር፣ ሌላ ሰው ሠርቶ አቅርቦላት፣ እሷ ቁጭ ብላ እስክትጠግብ የበላችበትን ቀን ግዛቸው አያስታውስም። ያንን አንድ ጊዜ ማየት ፈለገ። ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም፣ ምናልባት ከአዲስ ጉልበት በቀር።

እናም በ1997 የፈረንጆች ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ሲገባ፣ ረቡዕም ዓርብም በማይጾምበት ሰሞን፣ ሴንት ሉሽያ ወደምትባል የካሪቢያን ደሴት ለሦስት ቀን እንሂድ አላት። ዘርትሁን ምክንያት ፈለገች። አጣች።

«ምንድነው የሚበሉት እነሱ?»

«ዓሣ፣ ሙዝ፣ በርበሬ።»

«በርበሬ ካላቸው ሰዎች ናቸው፣» አለች። ስንቅ እንዳትቋጥር አስማላትና ሄዱ።

ዓርብ ወደብ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገቡ። ካላሉ የሚባል የቅጠል ሾርባ መጣ፤ ጎመን ይመስላል። ዘርትሁን ማንኪያዋን ከማንሳቷ በፊት ሸርጣን ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀች። «ሁለት!» አለች አስተናጋጇ በኩራት። ማንኪያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አክራ ቀረበ፤ ዓሣ በሊጥ ተለውሶ የተጠበሰ፣ ልክ እንደ ትንሽ ቦንቦሊኖ። ዘርትሁን አንዱን በላች።

«ልጨምርልሽ?» አለች አስተናጋጇ።

«ኖ፣ ቴንክ ዩ።»

አስተናጋጇ ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ዘርትሁን በሩን እያየች ጠበቀች።

«ሄደች እኮ!» አለች ቆይታ።

«አዎ፣ ሄደች፣» አለ ግዛቸው።

ዘርትሁን ባደገችበት ቤት እንግዳ መጀመሪያ በቃኝ ይላል። የቤቱ እመቤት አፈር ስሆን ትላለች። እንግዳው ኧረ በማርያም ይላል። እመቤቷ ትቆጣለች፤ ያኔ ይበላል። የመጀመሪያውን በቃኝ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ግዛቸው ከዚህ የተላቀቀው ሥራ በገባ በሳምንቱ ነው፤ አለቃው ዶናት ቢያቀርብለት በቃኝ አለ፣ ካርቶኑም አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ዘርትሁን ግን ሥራ ቦታ የራሷን ስለምትበላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሐበሻ ጋር ስለምትሆን፣ አሜሪካ ይህን ሊያስተምራት ዕድል አላገኘም።

ቅዳሜ ሌላ ቤት ገቡ፤ ዓሣ በቲማቲም ስልስ። ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ግዛቸው አስተናጋጁን ጠርቶ «ለእሷ ጨምርላት፣» አለ። ጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማ ደህነኛው ጉልበቱ ላይ አረፈ።

«አዋረድከኝ!» አለችው በአማርኛ፣ ለአስተናጋጁ ፈገግ እያለች። «የራበኝ አስመሰልከኝ!»

«አልራበሽም?»

«እኔን?»

ሆዷ በረሃብ ሲጮኽ እስከ ጠረጴዛው ማዶ ይሰማል። ሲወጡ ባሕሩን አየችና «ቆንጆ አገር ነው፣» አለች። «ውጭ መብላት ማለት ግን ይኸው ነው እንግዲህ። አየሁት።»

ግዛቸው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ስለ ቦውሊንግም በ1989 በዚሁ ድምፅ «አየሁት» ብላ ነበር፤ የቦውሊንግ ነገር በዚያው ተዘግቷል።

እሑድ ወደ ቤት ሊመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዱ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ስማቸውን ጻፈችና፣ ቦታ ካልተገኘ ነገ ነው አለች። «እስኪታወቅ እዚያ ጠብቁ።» ያሳየቻቸው መንገዱ ማዶ ያለውን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ድስት፣ ሚስ ኤውላሊ የሚባሉ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ትልቅ ሴት።

ምርጫ የለም። በጨው የደረቀ ዓሣ በሽንኩርትና በቲማቲም ተሠርቶ፣ ከተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ጋር ይቀርባል፤ ከጎኑ ቢጫ ሚጥሚጣ መሳይ ድልህ። ሚስ ኤውላሊ ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ አወጡላቸው። ዘርትሁን ቀመሰች። ቅንድቧ ተነሣ።

«ሽንኩርቱን አብስለውታል፣» አለች ቀስ ብላ።

ግዛቸው በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ሌላ ሴት ወጥ እንዲህ ስትል ሰምቶ አያውቅም። መተንፈስ ፈራ። እሷ ጨረሰች፣ ለይሉኝታ አንድ ጉርሻ አስቀርታ።

«ልጨምርልሽ?» አሉ ሚስ ኤውላሊ ጭልፋቸውን ይዘው።

«ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ።»

ሚስ ኤውላሊ ድስቱን ከደኑት። ግዛቸው ዓይኑን ጨፈነ።

«ባልሽ ምግቤን ወዶታል፣» አሉ ሚስ ኤውላሊ። «አንቺ ግን አልወደድሽውም።»

ዘርትሁን ደነገጠች። ወጥ ሠሪ ናት፤ ይህ ቃል የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። «ኧረ ወድጄዋለሁ! በጣም!»

«ታዲያ?»

«እኛ ዘንድ... ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው።»

«ሦስት?» ሚስ ኤውላሊ አሰላሰሉት። «ሁለቱን ጊዜ ትዋሻላችሁ ማለት ነው?»

ዘርትሁንም አሰበችበት። «አዎ፣» አለች።

«እኔ እግሬን ያመኛል። አንዴ ነው የምጠይቀው። ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ዘርትሁን ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። አንድም ሐበሻ የለም።

«ይስ፣» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይስ። ብዙ።»

ድስቱ ተከፈተ። ዘርትሁን ቀና ሳትል በላች። ድልሁን ጨረሰች፣ የግዛቸውንም ድልህ ጨረሰች። ሁለተኛው ሳህን እያለቀ ሳለ ትኬት ቆራጯ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች።

«ሁለት ወንበር ተገኝቷል! አሁኑኑ ከመጣችሁ ነው!»

ግዛቸው ብድግ አለ። «ዘርትሁን፣ ተነሽ! ነገ ሥራ አለኝ!»

«ተቀመጥ።»

«ምን?»

«ነገም አውሮፕላን አለ ብላለች። ይርጉ ጋ ኮል አድርግና ይሸፍንልህ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ለሌላ ሰው ስጪው፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ ግዛቸውን አየችው። ግዛቸው ጉልበቱን ያዝ አድርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘርትሁን ሳህኗን አነሣችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ ድስቱ ዘረጋችው።