512 እና 2

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳ ሞልቶባት «እማዬ፣ አንድ ጊጋ ስንት ሜጋ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ መልሱን ከመንገሬ በፊት ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ባላቸው በሞቱባቸው በአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ የምንኖረውም እዚያው ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። መምህርቷን መዳም እንላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ተዘግቶ ሲያንቀላፋ፣ ከማራገቢያው ሥር አስቀምጠውኝ ቴምር እያጎረሱ የባላቸውን ፎቶ በኮምፒውተር ያሳዩኝ ነበር። ሰውየው የወደብ ሠራተኛ ስለነበሩ ግማሹ ፎቶ መርከብ ነው።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ታመመ። ጠጋኙ ወስዶ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ሊጭነው ሆነ። መዳም ሁለት ሚሞሪ ካርድ ሰጡኝና «ፎቶዎቹን ትልቁ ላይ ገልብጪልኝ» ብለውኝ ሊሰግዱ ገቡ። አንደኛው ላይ 512 ይላል፣ ሌላው ላይ 2። ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ፊደላት ማን አያቸው! 512ቱን ሰካሁት። መሀል ላይ ረጅም የፈረንሳይኛ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ሳላነብ ዘጋሁት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለመምህራችን በኩራት ነገርኳቸው። ሳቁና ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ አንድ ጊጋ፣ 1024 ሜጋ። «ሁለት ጊጋው እኮ የ512 ሜጋው አራት እጥፍ ነው» አሉኝ። ያ ማስጠንቀቂያ ቦታ ስላለቀ ቀሪዎቹ ፎቶዎች አልተገለበጡም ማለቱ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዳያባርሩን ፈራሁ። የእናቴ የመኖሪያ ወረቀት በመዳም እጅ ነው፤ ካባረሩን፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው በዶራሌ መንገድ ዳር ጓዛችንን ተሸክመን የአገራችንን የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲመልሱን ስንለምን ይታየኝ ጀመር። መዳም የእናቴን ስም በጠሩ ቁጥር ከውኃ በርሜሉ ኋላ እሸጎጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ግን አልቻልኩም፤ እናቴን ልብስ ስታጥብ አገኘኋትና ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልመታችኝም፤ የባሰ ያስፈራኝ ይኸው ነበር። በአረፋ እጇ ክንዴን ይዛ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ በቀትር ፀሐይ እየሮጥን ሄድን።

«ዛሬ ጠዋት ጨረስኩት፤ ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ» አለ።

ስንመለስ እናቴ መዳም ፊት ቆማ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንድትነካው የፈቀድኩ እኔ ነኝ» አለች። መዳም ኮምፒውተሩ እስኪመጣ ጠብቀው ካርዱን ከፈቱ። አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ አዩ፤ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ወደኔ ዞሩ።

«ባለቤቴን ያመማቸው ዓመት ፎቶ የለም?»

የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ካርዱን ነቀሉና እናቴን «ሂጂ፣ ልብሱን አስጪ» አሏት።

አላባረሩንም። ስለ ነገሩም ዳግመኛ አላነሡም። እሳቸውም ከሞቱ ቆዩ። የዚያን ዓመት ፎቶዎች ካዩት የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፦ ባላቸው በረንዳ ላይ ሽርጥ አገልድመው፣ ከስተው፣ ፎቶ በሚያነሷቸው በሚስታቸው ላይ ሲስቁ። ፊታቸውን ላስታውስ እሞክራለሁ። ጢማቸው ይመጣልኛል፤ ዓይናቸው ግን እንቢ ይለኛል።