የቅዳሜ ስዑር ታማሚ

ሲስተር ልክየለሽ ሀርጌሳን ያወቀቻት ቤቶቿ ጣሪያ ባልነበራቸው ጊዜ ነው። በሐርተሼክ የስደተኞች ጣቢያ ነርስ ነበረች። ከጦርነት ሸሽተው እዚያ የነበሩት የሀርጌሳ ሰዎች ፍራሻቸውንና ድስታቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ አገራቸው ሲነሡ፣ "ስድስት ወር ረድቻቸው እመለሳለሁ" ብላ አብራ ተሳፈረች። ስድስቱ ወር ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከተማዋ ዓይኗ እያየ ግድግዳ አቆመች፣ ቆርቆሮ ለበሰች። እሷም ኮድቡር በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሶማልኛውን እያቀላጠፈች፣ "መቼ ነው የምትመለሺው?" ለሚሏት ሁሉ "ዘንድሮ" እያለች ኖረች።

በዚያ ዘመን ፈንጂ የሚያመክኑ፣ የጉድጓድ ቦታ የሚያጠኑ፣ መንገድ የሚለኩ ሰዎች በየበረሃው ተበትነው ነበር። ሐኪም ቤት ደግሞ ሰው ተጎዳ ተብሎ በረሃ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ተከፈተና ሁለት አስተማሪ ተቀጠረ። አንደኛው አዋሌ ነው፤ ግመል ሲነዳ ያረጀ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ። መሬት ማንበብ፣ ጥላ መፈለግ፣ ውሃ መያዝ ያስተምራል። የውሃ ጀሪካኑን ሁልጊዜ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚመታበት በኩል ያስቀምጣል፤ በዚያ ሐሩር ከእሱ ጀሪካን የሚቀዳ ውሃ ጥርስ ያቀዘቅዝ ነበር። ሁለተኛዋ ልክየለሽ ናት። ደም ማቆም፣ የተሰበረ አጥንት በእንጨት ማሰር፣ ሰው ተሸክሞ ገደል መውጣት ታስተምራለች።

ጥብቅ ነበረች። ልምምድ ላይ የሚስቅ ሠልጣኝ አትወድም። መልመጃ ከተጀመረ እስኪያልቅ አይቋረጥም፤ በበረሃ አስተማሪ ጠርቶ መልስ መጠየቅ የለም ትል ነበር። እውነቷን ነው። ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ፣ ሰው ድርቅ ካለበት፣ አንድ ቀን ራሱን ይመታዋል።

ለመልመጃው ታማሚ ሆኖ የሚተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በለጠ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ከግንበኞች ጋር ድንጋይ እያቀበለና ሲሚንቶ እያቦካ የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ ለሰው ፊት የሚሳሳ። ልክየለሽ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ጣቱን ሰፍታለት ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን ታማሚ እየሆነ ይመጣላታል። ሕመሙ በካርቶን ተጽፎ ደረቱ ላይ ይደረጋል፤ ዘይትና ቀይ ቀለም ተበጥብጦ ደም ይሆንለታል። በሥራው ዝም የሚለው ሰው እዚያ ሲተኛ ሌላ ሰው ነበር። ሲያቃስት ግመል ያስደነግጣል። "ከበለጠ የተሻለ የሚሞትልን የለም" እያሉ ሠልጣኞቹ ይቀልዱ ነበር። ይህን ቀልድ ልክየለሽም ስቃበታለች።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ታማሚው በእውነት ከተጎዳ ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ያኔ ሁሉም ይቆማል።

በ1994 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ስዑር፣ የመጨረሻው መልመጃ ቀን ሆነ። ሀርጌሳ ዓርብ ታርፋለች፣ ቅዳሜ ትሠራለች፤ ስቅለት በዕረፍት ቀን ውሎ ቅዳሜ ስዑር በሥራ ቀን መዋሉን ከማሠልጠኛው ሰዎች ማንም ሊያውቀው አይችልም፣ ከልክየለሽ በቀር። እሷ ታውቃለች። ሥጋና ወተት ከተወች ሃምሳ አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ሥራዋ ፀሐይ ላይ ስለሆነ ግን ውሃ ትጠጣለች። ረቡዕ ዕለት በለጠን አግኝታ ቅዳሜ ይመጣ እንደሆነ ስትጠይቀው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እሺ ሲስተር አላት። ዝምታውን አስተዋለች፤ አስተውላም አለፈችው።

በለጠ ሐሙስ ማታ አክፍሎት ጀምሮ ነበር። ከሐሙስ ማታ እስከ ፋሲካ ዶሮ ጩኸት እህልም ውሃም አይቀምስም። ይህን ለሰው አይናገሩትም፤ የተናገሩት ጾም ዋጋው ይቀንሳል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ዓርብን ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ዋለ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መኪናው ላይ ወጣ።

ቦታው ወደ በርበራ በሚያወርደው መንገድ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ደረቅ ወንዝ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ በለጠን አሸዋው ላይ አስተኙትና ካርቶኑን አደረጉለት፦ "ከቋጥኝ ወድቋል፤ እግሩ ተሰብሯል፤ አእምሮውን ስቶ ይቀባጥራል።" ሠልጣኞቹ ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ኮቴ እየተከተሉ ፈልገው ሊያገኙት ነው። ሲያገኙት አራት ሰዓት አልፏል፤ ጥላው ከላዩ ሸሽቷል። ልክየለሽ ወንዙ ዳር ካለው ግራር ሥር ደብተሯን ይዛ ነጥብ ትሰጣለች። በለጠ ይቀባጥራል። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ዛሬስ ከራሱ በለጠ አለች በሆዷ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ ሂንዳ ነበረች። ሐርተሼክ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ የኩፍኝ መርፌዋን የወጋቻት ልክየለሽ ራሷ ነበረች። ሂንዳ ታማሚውን ትታ ተነሥታ ወደ ግራሩ መጣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ጾመኛ ነው። ከንፈሩን እዪው። የሚውጠው ምራቅ የለውም። በረመዳን የአባቴን ፊት ስንት ዓመት አይቻለሁ።"

ልክየለሽ ቀና አላለችም። ተመልሳ መልመጃዋን እንድትጨርስ፣ ታማሚ ትቶ መምጣት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ነገረቻት። ቀነሰችባትም። ሂንዳ ተመለሰች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ልክየለሽ የቃሬዛው አስተሳሰር ላልቷል ብላ ጻፈች፤ ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ የበለጠ ድምፅ ተቋረጠ። ቀኝ እጁ አልተነሣም። ልክየለሽ ደብተሯን ጥላ ሮጠች። ግንባሩን ስትነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ላብ የሚባል የለም። ያኔ ዕለቱ ምን እንደሆነ፣ የረቡዕዋ ዝምታ ምን እንደነበረች፣ ሁሉም ባንዴ ገባት። ቅዳሜ ስዑር። ሙስሊሟ ልጅ ያየችውን እሷ ክርስቲያኗ አላየችም።

ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቀው ውሃ አፈሰሱበት፣ በሽርጣቸው አራገቡለት። አዋሌ ጀሪካኑን አቀረበ። የጉሉኮስ መርፌ ደም ሥር አጣች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከረች፤ ደም ሥሩ ጠፍቷል። በለጠ ዓይኑን ገለጠ። ኩባያውን ከንፈሩ ላይ ስታደርግለት ጥርሱን ነከሰ። ፊቱን አዞረ። ስትለምነው አዞረ፣ ስትቆጣው አዞረ።

"ዶሮ ጮኸ ወይ?" አላት በአማርኛ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ቀትር እየቀረበ ነበር። በዙሪያው እንኳን ዶሮ ወፍ አልነበረም።

"ጮኸ" አለችው። "ጮኸ በለጠ፣ ነግቷል። ክርስቶስ ተነሥቷል።"

ፊቱ ተፈታ። አፉን ከፈተላትና ሁለት ጉንጭ ውሃ ዋጠ። ሦስተኛው በአገጩ ወረደ። ወደ ሀርጌሳ ሲወስዱት መኪናው ዳገቱን ሳያጋምስ፣ ራሱ ልክየለሽ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሞተ።

ልክየለሽ ከዚያ በኋላ ለአርባ ቀን ያህል ማስተማሩን ተወች። የማሠልጠኛው ሰዎች አልወቀሷትም፤ እንዳይወቅሷትም አልደበቀችም፤ ሂንዳን ያለችውንና ሂንዳ ያለቻትን ቃል በቃል ጽፋ ሰጠች። የከበዳት ሌላ ነበር። የሰው ጾም አስፈትታለች፣ ያውም በትንሣኤው ስም ዋሽታ። ሄዳ የምትናዘዝበት ቄስ ከተማው ውስጥ የለም።

በሰኔ መጨረሻ የበለጠ እህት ሸዋዬ በጅጅጋ በኩል መጣች። ኮድቡር በታክሲ ወርዳ በሩን አንኳኳች። ነጠላዋን ለሐዘን ያዘቀዘቀች፣ በመንገድ አቧራ የደረቀች ሴት። ልክየለሽ ወንበር ሰጠቻት፤ ሁለቱም ተላቀሱ፤ ከዚያ ሸዋዬ የመጣችው ለአንድ ጥያቄ መሆኑን ተናገረች። እናታቸው ልካት ነው። እናትም ልጅም በየዓመቱ አክፍሎት ይይዙ ነበር፤ እሱ በሞተባት ሰዓት እናትየውም ውሃ አልቀመሰችም ነበር።

"ሳይሞት ውሃ ቀምሷል ወይ?" አለች ሸዋዬ።

ልክየለሽ የምትፈራው ጥያቄ መጣ። መዋሸት ትችል ነበር፤ ሳይቀምስ በጾሙ እንዳለ ሄደ ብትላት ማን ያውቃል? ግን አንዴ የዋሸችው ይበቃታል። ከሃያው ደቂቃ ጀምራ ነገረቻት። የሂንዳን ነገር፣ ደብተሩን፣ የተነከሰውን ጥርስ።

"እኔ ነኝ ያስፈታሁት። ዶሮ ጮኸ ብዬ ዋሽቼ አጠጣሁት። ለእናትሽ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት፤ ኃጢአቱ የኔ ነው።"

ሸዋዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ በጠጣች ቁጥር ታለቅሳለች" አለች። "ልጄ ተጠምቶ ሞተ፣ እኔ እጠጣለሁ እያለች። ጾሙን አይደለም የጠየቀችሽ።" እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ስንት ጉንጭ ጠጣ?"

"ሁለት።"

"ቀዝቃዛ ነበር?"

ልክየለሽ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለውን የአዋሌን ጀሪካን አስታወሰች።

"ቀዝቃዛ ነበር" አለቻት።