ሃያ ዓመት የሞላው ጥፊ

የጋዜጣዋን አራሚ «መርፌ» ነው የሚሏት፤ ስሕተትን እንደ እሾህ ነቅሳ ታወጣለች። «ታሪክ በዛሬዋ ቀን» የምትባለዋን ዓምድም የምታዘጋጀው እሷው ናት። ደንቡን ያወጣው ግን ዋና አዘጋጁ ነው፦ «ሃያ ዓመት ያልሞላው ነገር ወሬ እንጂ ታሪክ አይባልም!»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባቷ በዚሁ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተቀረጹ ፊደሎችን እየለቀሙ ይደረድሩ ነበር። አንድ ቀን ምሳቸውን ይዛ ብትመጣ፣ ይኸው ዋና አዘጋጅ ለአንዲት የተገለበጠች ፊደል ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በጥፊ ሲያጮላቸው ደረሰች። አባቷ ፊደሏን አቃንተው ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷ ግን ቀኗን ከነቂሟ ቋጠረች፤ አድጋም እዚያው ቤት ተቀጠረች።

ዛሬ ጠዋት ዋና አዘጋጁ ጋዜጣውን ጨምድዶ መጣ። በዓምዷ ላይ፣ ከአንድ ድልድይ ምረቃና ከአንድ መርከብ መስጠም መሃል እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ አንድ አዛውንት ፊደል ለቃሚን በጥፊ መታ።»

«አንቺ! ይሄ ምን ጉድ ነው?»

መርፌ ብዕሯን እንኳ አላስቀመጠችም። «ዛሬ ሃያ ዓመት ሞላው እኮ፣ አለቃ» አለችው። «ደግሞ ደህና አድርገው ይዩት፤ አንዲት ፊደል አልተገለበጠችም።»