ለተከራዬ ያደረግነው ዱዓ

ዓመቱን ጥራ ብትሉኝ አልጠራውም። ምርጫ ደርሶ በየግንቡ ወረቀት የሚለጠፍበት ሰሞን እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ወሩን ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጅ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ ነው የወሰዱኝ። መኪናው የሐረጎን መንገድ ይዞ ቁልቁል ሲጠመዘዝ ወደ ኮምቦልቻ እንደሆነ ገባኝ። የደሴን ብርድ የለመደ ሰውነቴ እዚያ ሲደርስ በላብ ታጠበ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። መስኮት የላትም፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት ሽንቁር አለች። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፣ የላብና የእርጥብ ጫማ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ እግራቸውን ሰብስበው የሚያዩኝ ሰዎች አየሁ። "አሰላሙ አለይኩም" አልኩ። ግማሹ ብቻ መለሰ።

"አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሠርተው መጡ?" አለኝ በሩ ሥር የተቀመጠው። ወፍራም፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው። የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር፤ ማን የት እንደሚተኛ እሱ ይወስናል።

"ቤት አከራየሁ" አልኩት።

ሳቁ። "ለማን? ለሰይጣን?"

"ለአስተማሪ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢዬ ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለችኝ። ከህንድ አገር የመጣ አዲስ አስተማሪ ተከራያት። ወጣት ነው። ከአገሩ ሲወጣም፣ ብቻውን ቤት ይዞ ሲያድርም የመጀመሪያው መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። የመጣ ዕለት ሻንጣውን ሳያስቀምጥ መሀል ወለል ላይ ቆሞ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። አልጋና ፍራሽ አብሬው ሄጄ ገዛን። ውኃ ስትመጣ በርሜሉን እንዴት ቶሎ እንደሚሞላ፣ ያ ክፉ ቁልፍ እንዴት ሳብ ተደርጎ እንደሚዞር በእጄ እያሳየሁ አለማመድኩት። ከእኛ ቋንቋ መጀመሪያ የያዛት ቃል "አባባ" ናት።

ሥጋ አይበላም፤ እንቁላል እንኳ አይነካም። ባለቤቴ ድስት ላውስህ ብትለው ድስቱን አሸተተና ሁለት እጁን አጋጥሞ ይቅርታ ጠየቃት። "ውሻ የላሰው መሰለው እንዴ ድስቴ?" ብላ ተቀየመች። በሃይማኖቱ እንደሆነ ስትሰማ ግን "እኛስ የማንበላው አለን አይደል" ብላ ተወችው።

እኛ ዘንድ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ዱዓ ይደረግለታል። ጎረቤትና የሰፈራችንን ሸህ ጠርቼ፣ ጫት አቅርቤ፣ በሱው ክፍል ተቀመጥን። ሸሁ "ያ ረቢ፣ ቤቱን የሰላም አድርግለት" ሲሉ "አሚን" አልን። "ከእናቱ በደህና አገናኘው" ሲሉም "አሚን"። አስተማሪው እንደኛው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ኋላ ልቡ ተነካ መሰለኝ፣ ብድግ ብሎ በማናውቀው ቋንቋ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አንዲት ቃል አልገባንም። ድምፁ ግን የዱዓ ድምፅ ነውና፣ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር እኛ "አሚን!" እንላለን፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ሲጨርስ ካሜራ አውጥቶ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳን።

በአጥር ያዳመጠ ሰው ይህን ወስዶ ለፖሊስ ተናገረ። የውጭ ሰው ስለ ምርጫው ስብሰባ ጠራ፣ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ተስማማ ተባለ።

ካቦው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"ፎቶ አነሳችሁ? በቃ፣ ህንዱ ነው የሸጠዎት።"

"ኧረ ወላሂ ጨዋ ልጅ ነው።"

"ጨዋ! ታዲያ የት አለ ጨዋው? እርስዎ እዚህ ሲሚንቶ ላይ፣ እሱ እርስዎ ባስገዙት ፍራሽ ላይ።"

ይቺ ነገር ገባችብኝ።

ለምርመራ ወሰዱኝ፤ መርማሪው የሚጮህ ሰው አልነበረም። ወንበር ሳበልኝ።

"አባቴ፣ ሰውየው ቆሞ ምን አለ?"

"አልገባኝም።"

"ሳይገባዎት ነው አሚን ያሉት?"

"ዱዓ ላይ አሚን ይባላል፣ ልጄ።"

ፈገግ አለ። "እሱ እኮ ሁሉንም ነግሮናል። ሰዎቹን የሰበሰብኩት እኔ አይደለሁም፣ አከራዬ ነው ብሏል። እርስዎም ስለ ምርጫው ሲናገር ሰምቻለሁ ብለው ይፈርሙና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።"

ብፈርም ልጁ ከአገር ይባረራል፣ ያውም ቢቀናው። አሚን ያሉት ጎረቤቶቼም ተራ በተራ እኔ ያለሁበት ይገባሉ። ባልፈርም መውጫዬን የሚያውቅ የለም። "ላስብበት" ብዬ ተመለስኩ።

አሰብኩም። ሸሁን ለብቻ፣ እኔን ለብቻ ፎቶ ያነሳን ለምን ነበር? ሰው ይህን ያህል ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ለማስተማር ብቻ ነው? ቤቴ ቁጭ ብዬ ያልመጣብኝ ሐሳብ ሁሉ እዚያ መጣብኝ። ውኃ የሚያቀብለኝን እስረኛ እንኳ፣ ከአፌ ምን ሊያወጣ ነው እያልኩ ጀርባዬን እሰጠው ጀመር። እሱም ቢሆን ቤት አከራየሁ የሚል ሽማግሌን ማመን የፈለገ አይመስልም ነበር።

ባለቤቴ ጉልበቷ ኮምቦልቻ ድረስ አያወርዳትም። ስንቄን አንድ ጎረቤት ያመጣልኝ ነበር። በሩ ላይ የጠያቂ ስም ሲጠየቅ እሱም ፈርቶ ቀረ፤ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ተጠራሁ። ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋው። አስተማሪው ምሳ ዕቃ አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው ፖሊሱ ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባው። ክዳኑ ተከፍቷል። የፍየል ወጥ ነው፣ ባለቤቴ የሠራችው።

"ቅመስ!" ይላል ፖሊሱ። አስተማሪው ራሱን ያወዛውዛል። "ቅመስ እኮ ነው የምልህ! አንተ ሽማግሌ፣ ንገረው!"

ጩኸቱን ሰምቶ መርማሪው ወጣ። ምግቡን አየ፣ ልጁን አየ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ይኸው አባቴ፣ ያመጣልዎትን ራሱ አይቀምሰውም። ከደሴ እዚህ ሲደርስ ምን ጨምሮበት እንደሆን ማን ያውቃል? አፍዎን ሊዘጋ ነው የመጣው። አልበላም ይበሉና እንግባ፣ እንጨርስ።"

ካቦው ከክፍላችን በር ፍርግርግ ኋላ "አባባ፣ እንዳይነኩት!" አለ።

አስተማሪው ንግግራችን ባይገባውም፣ ካልቀመሰ ምግቡ እንደማይገባልኝ ገብቶታል። እንጀራ ቆረሰ። ወጡን ከነሥጋው ጠቀለለ። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አፉ አነሳው።

ያን ጊዜ ከላዬ ላይ አንድ ነገር ተነሳ። የሸጠኝ ሰው ስለኔ ብሎ ሃይማኖቱን አያፈርስም።

"ተው ልጄ" ብዬ እጁን ያዝኩት። ጎንበስ አልኩና ጉርሻውን ከእጁ በአፌ ተቀበልኩ። ሳልቸኩል አላመጥኩ። ጨው በዝቶታል፤ ባለቤቴ ስትናደድ ጨው ታበዛለች።

"ይኸው ተቀመሰ" አልኩት መርማሪውን። "ሥጋ አይበላም፣ ሃይማኖቱ ነው። ስብሰባም አልጠራም። የምፈርመው ነገር የለኝም።"

መርማሪው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ፖሊሱን "አስገባው" ብሎት ሄደ።

ምሳ ዕቃውን ክፍሉ መሀል አስቀመጥኩ። ማንም እጁን አልሰደደም። እኔ በላሁ፣ እነሱ አዩኝ። ካቦው ቆይቶ ቆይቶ "እንግዲህ ካልሞቱማ ጠጋ ይበሉልን" አለና ገባበት።

ቶሎ አልፈቱኝም። አስተማሪው ግን መውረዱን አልተወም። እሱ ይጠቀልላል፣ እኔ እቀምስለታለሁ። ፖሊሶቹም ለምደውን "ቀማሹን ጥሩት" ይሉ ነበር። አንድ ቀን እንዳወሳሰዳቸው ሁሉ ምክንያት ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። በዱዓው ዕለት ቆሞ የተናገረው ምን እንደነበር በአስተርጓሚ ጠየቅሁት። እዚያ እንዳለች አድርጎ ለእናቱ ሲናገር ነበር፣ ከነማን ጋር ነው የምትኖረው ብላ ተጨንቃ ስለነበር። ፎቶውንም የላከው ለሷ ነው።

አሁን ያቺን ቤት ሌላ ሰው ይኖርባታል። እሱ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ዱላ ሊሰሙ ይፈልጋሉ። እኔን ዱላ አልነካኝም። እዚያ ቤት የሚያደርጉት ሌላ ነው፤ የምታውቀውን ሰው እንዳታውቀው ያደርጉሃል። እኔ ከዚያ የወጣሁት በሱ እጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ መጥራት እየከበደው "ህንዱ" ይለው ነበር እንጂ፣ ስሙ ሱሬሽ ነው።